ሻማውን የሚያበራው የቤቱ ታናሽ

ፐርዝ፣ በገና ማግስት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት

ይድረስ ለውድ አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲበረታ ይጠዘጥዝዎት የለ? አባባስ እንዴት ናቸው? አሁንም ደረጃውን ሲወጡ መሀል ላይ ቆም ብለው፣ የግድግዳውን ቀለም የሚመረምሩ መስለው ነው የሚተነፍሱት? ላሞቹ፣ ውሻው፣ ያቺ ሰው የማትወድ ዶሮዎ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅዎ ዶናል ደህና ነው። የልጅ ልጅዎ ኦርላ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። እንዲህ አንድ በአንድ የምቆጥርልዎት ትናንት በስልክ የሰሙት ነገር እንቅልፍ እንደነሳዎት ስለማውቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ላቃልልዎት። ትናንት ኦርላ ከጀርባችን «ሐኪሙ መጣ፣ ሐኪሙ መጣ» እያለች ስትጮህ የሰሙት ሐኪም ሰው አይደለም፣ ነፋስ ነው። እዚህ ገና የሚውለው በበጋ ነውና፣ ከቀትር በኋላ ከባሕር የሚነሣ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ፤ ሙቀት ዘርሮ ያዋለውን ሰው ሁሉ ስለሚያስነሣ አገሬው «ሐኪሙ» ይለዋል። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ያየ ልጅ ሁሉ «ሐኪሙ መጣ» ብሎ ይጮኻል፤ ኦርላም ያደረገችው ይህንኑ ነው። አባባ ግን «የምን ሐኪም? ማን ታሞ ነው? ሻማው ጠፋ እንዴ?» ብለው ሲያምባርቁ ዶናል ደንግጦ «ማንም አልታመመም፣ ሻማውም እስኪነጋ በርቷል» አላቸው። የፊተኛው እውነት ነው። የኋለኛው እውነት አይደለም፤ እርስዎም እንዳላመኑት ገብቶኛል።

በስልክ ላስረዳዎት አልችልም። እናንተ ቤት ስልክ ማለት የመንደር ሬዲዮ ነው። አባባ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ድምፅ ማጉያውን ከፍታችሁ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ እርስዎን ብቻ ላናግር ብል ላሞቹ ሳይቀሩ ይሰማሉ። ስለዚህ ይህችን ደብዳቤ በብሪዲ እጅ ልኬያለሁ፤ ያቺ ከማዶው ደብር፣ የፀጉር ሠሪዋ ልጅ። የሥራ ፈቃዷ አልቆ ነገ ትሳፈራለች። በእጅዎ ነው የምትሰጥዎት። አባባ ካዩት «የጉልበት ቅባት ስም ጽፋልኝ ነው» ይበሏቸውና ዶሮ ቤት ገብተው ያንብቡት።

ከሻማው ልጀምር። የላኩልን ጥቅል የደረሰን ከገና ዋዜማ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ኬኩ አንድ ጥጉ ብቻ ተፈርፍሯል። የሱፍ ካልሲዎቹን ኦርላ ለአሻንጉሊቶቿ አልብሳቸዋለች፤ በዚህ ሙቀት ሰው አድርጓቸው ይዙር ማለት ግፍ ነው። ሻማው ግን አንድም ቦታ ሳይሰነጠቅ ገብቷል። ከሻማው ጋር ያሰሯትን ብጣሽ ወረቀትም አነበብኳት። «ዘንድሮ እንዳይጠፋ፤ አደራ» ትላለች፤ አደራ የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ዶናል ሳያያት ቀሚሴ ኪስ ከተትኳት፤ አሁንም እዚያው ናት።

እማማ፣ እኔ ይህን ደንብ የተማርኩት ከእርስዎ ነው። በገና ዋዜማ ሻማውን የሚያበራው የቤቱ ታናሽ ነው። ወደ መንገድ በሚያየው መስኮት ይቆማል፣ መንገደኛ እንዳይጠፋ እስኪነጋ ይበራል። ሳይነጋ ከጠፋ ከቤቱ ሰው አንዱ የሚመጣውን ገና አያይም። እኛ ደብሊን ባደግንበት ፎቅ መስኮት ላይ የምናቆመው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የፕላስቲክ ሻማ ነበር፤ እሱ ሲጠፋ አባቴ ሶኬቱን ይነካካል እንጂ የሚሞት ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ሲነግሩኝ በሆዴ ስቄ ነበር። ነገሩ ልቤ የገባው የዶናልን ታሪክ ያጫወቱኝ ዕለት ነው። አምስት ወሩ ሳለ የቤቱ ታናሽ እሱ ስለነበረ፣ አባባ አቅፈው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ያቺን ሚጢጢ እጁን በእጃቸው ውስጥ ጨብጠው ክብሪቱን አስጫሩት። የራሳቸውን ቅንድብ ለበለቡ እንጂ ልጁን አንዲት ብልጭታ አልነካችውም። እርስዎ ይህን ሲያወሩኝ አባባ አፍረው ወደ ውሻው ዞሩ፤ እኒህን ሰውዬ የወደድኳቸው ያን ዕለት ነው።

ታዲያ ደንቡን አክብሬ ሻማውን ወደ መንገድ በሚያየው መስኮት አቆምኩት። የእኛ መንገድ በምዕራብ በኩል ነው፣ ሙቀቱም በዋዜማው አርባ አንድ ዲግሪ ገብቶ ነበር፤ ይህን አላሰብኩትም። ወጥ ቤት ቆይቼ፣ ከቀትር በኋላ ዘወር ብዬ ባየው ሻማው ጎብጧል። ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ የጣለው ሽማግሌ ይመስል አንገቱን ወደ ውስጥ ደፍቷል። ገና አልተለኮሰም እኮ። ሳይበራ የወደቀ ሻማ ምን ተብሎ ይተረጎማል? ማን ይጠየቃል? ለእርስዎ ልደውል ስልኩን አነሣሁና ድምፅ ማጉያው ትዝ ብሎኝ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ያደረግኩትን ቢያዩ ይስቁብኛል። ሻማውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ በሊጥ መዳመጫ እየዳመጥኩ አቃናሁትና ፍሪጅ ውስጥ፣ ለገና በገዛነው የባሕር ሽሪምፕና በዶናል ቢራ መሀል አጋደምኩት። ዶናል ከሥራ ገብቶ ቢራ ሊያወጣ ፍሪጁን ከፈተ፣ ሻማውን አየ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። «እናቴ ሻማዋን ከሽሪምፕ ጋር ማስተኛትሽን ብትሰማ ዛሬውኑ ዋኝታ ትመጣለች» አለኝ። ሳቅን። እንዲህ አብረን ከሳቅን ቆይተን ነበር፤ የአባባ ጥያቄ ከመካከላችን ቁጭ ብሎ ነው የከረመው።

ጥያቄውን መልሼ የምጽፈው በትክክል ተረድቼው እንደሆነ እንዲያዩልኝ ነው። የአባባ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ገና ባለፈ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሚውለው ከሴቶች ገና በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት የመሬቱ ነገር እንዲቋጭ ይፈልጋሉ። ወይ ዶናል አገር ቤት ገብቶ እርሻውን ይረከባል፣ ወይ ጎረቤታችሁ ታይግ በሴቶች ገና ዕለት የአሥር ዓመት የኪራይ ውሉን ይዞ ይመጣል። ታይግ አንዴ አጥር ካጠረ የሚነቅለው እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሰባት ዓመት ሙሉ አባባ «መቼ ነው የምትመጣው?» ሲሉት፣ ዶናል «ገና ነው» ሲላቸው፣ ሰባት ገና አለፈ። ዘንድሮ «ገና ነው» አይሠራም።

ወደ ዋዜማው ልመለስ። ጎረቤታችን ቤቭ፣ በፎቶ ያዩዋት፣ በሰባ አምስት ዓመቷ በዋና ልብስ የምትዞረው ባልቴት፣ ከእኛ ጋር ነበረች። እግሯን የኦርላ የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ነክራ ወይኗን ትጠጣለች። እኔ ከመስኮቱ ወደ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ ወደ ፍሪጁ ስመላለስ አይታ «ዘና በይ እንጂ የኔ ልጅ፣ ገና ነው እንጂ ምጽአት አይደለም» አለችኝ። የዚህ አገር ሰው ቃሉ ይኸው ነው፣ ዘና በይ። ቤት ቢቃጠልባቸው እንኳ ዘና በይ እየተባባሉ ነው የሚያጠፉት። እኔም ዘና ማለት አምሮኝ ነበር። እርስዎ ግን አደራ ብለውኛል።

ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ሻማውን ከፍሪጅ አውጥቼ አቆምኩት። ፀሐይዋ አልጠለቀችም፤ ሣሎኑ ሁሉ ወርቅ ነው። ዶናል ኦርላን ወንበር ላይ አቆማት። እሷም «ለማን ነው የምናበራው?» ብላ ጠየቀች። «መንገድ ለጠፋበት ሰው» አላት። «ፀሐይ እያለ ማን መንገድ ይጠፋበታል? ደግሞ ስልኩ ላይ ካርታ የለውም?» አለች። ቤቭ ከውጭ ሆና «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች። ዶናል ሳቁን ውጦ ክብሪቱን ሰጣት።

ኦርላ በአንድ ጭረት አበራችው። ሻማው ቀጥ ብሎ ነደደ፤ እኔም ተነፈስኩ። ከዚያ ልጄ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ የሆነ ነገር አለች፣ ጉንጯን ነፍታ እፍ አለችው።

ጠፋ።

ማንም ያሳያት የለም፣ እማማ። ስድስት ዓመቷ ነው፣ የተወለደችው እዚህ ነው። ሻማ ስትባል የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኬክ ላይ ይቆማል፣ ይመኙበታል፣ እፍ ይሉታል። የሁላችንን ፊት ስታይ ግራ ገብቷት «ምነው? ልደት ነው ብላችሁኝ አልነበር? የኢየሱስ ልደት አይደለም እንዴ?» አለች።

ዶናልን ግን ቢያዩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሰባት ዓመት በቁምጣና በነጠላ ጫማ የኖረው ሰውዬ በአንዲት ቅጽበት ተመልሶ የእናንተ ቤት ልጅ ሆነ። ክብሪት ሲጭር ሦስቱ ተሰበሩበት፣ በአራተኛው አበራው። «አልጠፋም፣ አይቆጠርም፣ ጨዋታ ነው» እያለ ይደጋግማል። ኦርላ ማልቀስ ጀመረች። ቤቭ እግሯን ከገንዳው አውጥታ፣ ውሃ እያንጠባጠበች ገባችና አቅፋት «እኔ ባሌን የቀበርኩት በሕይወቴ አንድ ሻማ ሳላጠፋ ነው» አለችን። ደግ ሴት ናት። ዶናል ግን ወንበር ስቦ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ እዚያው አነጋ።

አሁን የምጠይቅዎት ይህን ነው። ያጠፋው ያበራው ሰው ራሱ ከሆነ ይቆጠራል? ነፋስ አላጠፋውም፣ ሰሙ አላለቀም፤ የቤቱ ታናሽ በደስታ ነው ያጠፋችው፣ እስከ አሥር ለመቁጠር እንኳ አይበቃም። ደግሞስ የሚቆጠረው የማን ቤት ነው? ሻማው የቆመበት ነው ወይስ ሻማውን የላከው? ዶናል አባቱን ብቻ ነው የሚያስበው፣ ሌላ አይታየውም። እኔ ግን በዚህ ጣሪያ ሥር ያለነውን ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ በቆጠርኩ ቁጥር ይጨንቀኛል።

ራሴን የማጽናናው በአንድ ነገር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የላኩልን ሻማ አንዴም ሳይርገበገብ እስኪነጋ በርቶ ነበር። ያም ሆኖ በፋሲካው ሰሞን የደረሰብኝን ያውቃሉ። ቸኩዬ ለሁሉም አውርቼ፣ እርስዎም ያን ነጭ የሕፃን ሹራብ ጀምረው፣ ከዚያ ልጁ ሳይወለድ ቀረ። ሹራቡን ምን እንዳደረጉት ጠይቄዎት አላውቅም። እንግዲህ እስኪነጋ የበራው ሻማ ካልጠበቀን፣ የጠፋው ምን ያህል ሊጎዳን ይችላል? ቀን ቀን እንዲህ እላለሁ። ቸኩሎ ማውራት ግን ከዚያ ወዲህ ትቻለሁ።

ገናው ራሱ መልካም ዋለ፤ ይህን ስጽፍልዎት አፍራለሁ። የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደነበርን ያስታውሳሉ፤ ከአገራችን ልጆች ጋር አዳራሽ ተከራይተን፣ በዚያ ሙቀት ሁለት የቱርክ ዶሮ ጠብሰን፣ ዶናል እርስዎ የሠሩለትን ሹራብ ካላደረግኩ ብሎ ራሱን ስቶ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ገና ማለት ለእኛ ወይ አውሮፕላን ነበር ወይ ማስመሰል። ዘንድሮ ዶናል «የትም አንሄድም፣ ማንም አይመጣም፣ ምድጃም አይለኮስም» አለ። እንዳለውም ሆነ። በማለዳ ቅዳሴ ሄድን፤ የቄሱም እግር ነጠላ ጫማ ውስጥ ነበር። ተመልሰን የቀዘቀዘ የአሳማ ታፋ፣ ሽሪምፕና ማንጎ በላን። እኔ ሽሪምፑ ሽታው አልተስማማኝም፤ ዶናል ሙቀቱ ነው አለ፣ እኔም ሙቀቱ ነው አልኩ። ቤቭ አራት ልጆች ወልዳ ያሳደገች ናት፣ ዓይኗ አያርፍም፤ ብርጭቆዬን አየችና «ዘንድሮ ከውሃ ጋር ተዋደሻል» አለችኝ። ወሬ አስቀየርኳት።

ከምሳ በኋላ ዶናል ጓሯችን ካለው ዛፍ ሥር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። እማማ፣ እናንተ ቤት በቀን የተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል። ዶናል እናንተ ጋ ሲመጣ እንኳን ሊተኛ ወንበር ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ አባባ «ተነሥ» እንደሚሉት ሁሉ ጫፉ ላይ ነው። ትናንት ግን አፉን ከፍቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛ። ኦርላ ሆዱ ላይ ቅጠል ስትደረድር አልነቃም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ተኝቶ አይቼው አላውቅም። አጠገቡ ተቀምጬ ሳየው የአባባ ጥያቄ መልሱ ገባኝ፤ እሱ ገና ለራሱም አልነገረውም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ፣ እናንተ ዘንድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ደወልን። የቀረውን ሰምተዋል። አባባ ስለ ሻማው ከጠየቁ በኋላ «ታይግ ውሉን ይዞ እየመጣ ነው፤ እኔም ከቢላዋ ሥር ልገባ ነው፤ አዎ ነው ወይስ አይደለም?» አሉት። ዶናል «እስከ ሴቶች ገና አሳውቅሃለሁ» አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ግን አልሰሙም።

ወጥቶ የኦርላ ገንዳ ውስጥ ከነልብሱ ተቀመጠ። ውሃው ቁርጭምጭሚቱን አያልፍም፤ ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅበት ነበር። እኔም ዳር ላይ ተቀመጥኩ። «ከብት አልወድም። ወድጄም አላውቅም» አለኝ። «አባቴ ስልኩን ሲያነሣ መልሼ መዝጋት ያምረኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ እምቢ ማለት ፈርቼ ነው ገና ነው ስለው የኖርኩት። ሰው መሆኔን ያወቅኩት እዚህ ነው። ግን አሁን እምቢ ብዬው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ገብቶ ባይወጣ፣ ሻማውን እፍ ያልኩት ኦርላ ሳትሆን እኔ ነኝ።» እንዲህ ብሎ አለቀሰ። ዶናል ሲያለቅስ ያየሁት በዚያ በፋሲካው ሰሞን ብቻ ነው። ኦርላ ምን ሆነ ብላ መጣች። «ሐኪሙ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ጨመረበት» አልኳት። ምን እንደተመኘች ዶናል ጠየቃት፤ «ከተናገርኩ አይሠራም» ብላው ሄደች። እሱ «እኔ እንዳልሄድ ነው የተመኘችው» ይላል። እኔ አላውቅም፤ ብስክሌትም ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ዓይኑን ጠረገና «እናቴ ጋ አንቺ ጻፊልኝ» አለኝ።

ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ። አይመጣም፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉለት። አይወዳችሁም ማለት አይደለም፤ ከሻማው ሥር እንዴት እንደተቀመጠ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

አሁን ደግሞ ስለ ራሴ አንድ እውነት ልንገርዎት። እኔ ልመጣ ነበር። በሠርጋችን ዕለት ለእህትዎ «ጭቃ ረግጣ የማታውቅ የደብሊን ሴት» ብለው ያነሷት ያቺው ሴት ነኝ፤ ሰምቼዎት ነበር። ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አልረሳሁትም እንጂ። የመንደራችሁ ትምህርት ቤት ለኦርላ ቦታ እንዳለው ጽፌ ጠይቄ፣ አለ ብለው መልሰውልኛል። በኅዳር ደግሞ የጭቃ ቦት ጫማ ገዛሁ፤ በዚህ ሐሩር ቦት ስለካ ሻጩ ጤንነቴን ተጠራጥሯል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድም ቀን ሳይረገጥበት ተቀምጧል። ሰማይና ኮሪደር ብቻ በሚታይበት ፎቅ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የእናንተን መሬት ተመኝቼዋለሁ። ግን ዶናል ዛፉ ሥር ሲተኛ አየሁት።

ለአባባ ግን እንዲህ አይበሏቸው። እምቢ ያለችው እሷ ናት ይበሏቸው። ያቺ የደብሊኗ፣ በፀሐይ የሰነፈች፣ ባሏን በአፍንጫው የምትጎትት፣ የመጣልዎትን ሁሉ ይጨምሩበት። ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው በልጁ አዝኖ ከሚገባ በምራቱ ተናዶ ቢገባ ይሻላል። ንዴት ለልባቸው አይበጅም እንዳይሉኝ፤ አባባ እኔን ሲሰድቡ ደማቸው ይረጋጋል፣ እርስዎም አይተዋል። ከቢላዋው በፊት ይንገሯቸው፤ ያልተቋጨ ነገር ይዘው አይግቡ። ታይግም ይምጣ። በሴቶች ገና ዕለት እንደ ደንቡ ወንዶቹ ዕቃ ይጠቡ፣ እርስዎ ግን አይነሡ፤ ውሉ ላይ እንኳ ቆመው አይፈርሙ።

ለዶናልም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ውሳኔው የራሱ ብቻ እንዲሆን ፈልጌ ነው፤ ሌላ ክብደት ጨምሬ ሚዛኑን ማጋደል አልወደድኩም። አሁን ወስኗል፤ ቢሆንም ጥቂት ቀን እጠብቃለሁ። ከሴቶች ገና ማግስት ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ይህኛው ሐኪም ነፋስ አይደለም። አልታመምኩም፣ አይደንግጡ። ብቻ ስለ ሻማው ደንብ የጠየቅኩዎትን ያስቡልኝ፤ ቢቆጠርም እውነቱን ይንገሩኝ፣ ባይቆጠርም ቶሎ ይንገሩኝ።

የከርሞውን ሻማ ሲልኩ እንደ ዘንድሮው ወፍራም ይሁን፤ እኔም በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት አቆመዋለሁ፣ መንገደኛው ዞሮ ይምጣ። ከርሞ የምታበራው ኦርላ እንደማትሆን ገና አልነገርኳትም፤ ቦታዋን እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ ልጅ አይደለችም።

አንድ ነገር ከአባባ ይጠይቁልኝ፤ ሰድበውኝ ሲጨርሱ። ዶናልን ያን ጊዜ ሻማውን ሲያስበሩት በየትኛው ክንዳቸው ነበር ያቀፉት? ክብሪቱንስ ያስያዙት በየትኛው እጁ ነበር? ብልጭታው ልጁን እንዳይነካው ምን አደረጉ? ለምን ፈለገችው ካሉ አላውቅም ይበሉ። ምንም ቢቀየሙኝ ሰው ሥራ ሲያበላሽ አይተው ዝም ማለት አይሆንላቸውም። መልሱን ግን እርስዎ አይጻፉልኝ። ከጎልዌይ ሐኪም ቤት ሲመለሱ ራሳቸው በስልክ ይንገሩኝ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ፣ ላሞቹም ይስሙ። እስከዚያ እጄን አጣጥፌ እጠብቃቸዋለሁ።

እግዚአብሔር የአባባን ልብ ያጽናልን፣ ጉልበትዎን ያበርታልን፣ ከከርሞው ዋዜማ ሁላችንንም ሳያጎድል ያድርሰን። እኔም የሳቅኩበትን ደንብ አሁን ከልቤ የምለምንበት ሆኛለሁ።

ምራትዎ፣
ያቺ የደብሊኗ